የጋሽ ቀነዓ ባርኔጣ

አዳማ ባርኔጣ ለሚደፋ ሰው የተመቸች ከተማ አይደለችም። ነፋሷ ሲነሳ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ የሱቅ ታፔላ ይገለብጣል፣ የሴት ነጠላ ይነጥቃል፤ የሰው ባርኔጣማ ምኑ ነው! ሰፈሩ ጋሽ ቀነዓ የሚለው ቀነዓ ግን በዚህችው ከተማ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ባርኔጣውን ደፍቶ ኖሯል። የመንገድ ጥግ ላይ ሲደርስ ግራ እጁ ሳይታዘዝ ወደ ባርኔጣው ጠርዝ ይሄዳል፤ ጥጉን ሲያልፍ ይመለሳል። የማያውቁት ሰዎች ሰላምታ የሰጣቸው እየመሰላቸው ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። እሱም ሰው ማሳፈር ስለማይወድ መልሶ ጎንበስ ይላል።

ሥራው የመስኖ ፓምፕ መሸጥ ነው። ከመቂና ከባቱ የሚመጡት የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬዎች ሱቁን የሚያውቁት በታፔላው ሳይሆን በባለቤቱ ራስ ነው። «እዚያ ባለ ባርኔጣው ጋ ሂድ» ይባባላሉ። ገብተው «አካም ጅርታ፣ ኦቦ ቀነዓ» ሲሉት በኦሮምኛ እየመለሰ ፓምፑን ፈትቶ ያሳያቸዋል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲንቆረቆር እንኳ ባርኔጣው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ኩራት ነው የሚሉ አሉ፤ የድሮ ሰው ክብሩን ያውቃል የሚሉም አሉ። ሁለቱም አላገኙትም።

ነገሩ ቆረቆር ነው። ቀነዓ ወለንጪቲ አጠገብ ልጅ ሆኖ ሳለ ቆረቆር ራሱን በላው። አመድ ተቀባ፣ ቅቤ ተቀባ፣ የቅጠል ጭማቂ ተቀባ፤ አንድ ዘመድ ደግሞ፣ እግዜር ይይለትና፣ የባትሪ ድንጋይ ፈጭቶ ቀባው። በሽታው ሲሄድ ፀጉሩን ይዞት ሄደ። የቀረው እዚህም እዚያም ጠባሳ፣ በመሐሉ ብቅ ብቅ ያለ ፀጉር ነበር። ቢላጨው ባሰ። ልጅ ምሕረት አያውቅምና ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙ ጠፍቶ «ቆረቆራም» ብቻ ቀረ። አንድ ቀን አባቱ ያረጀ ባርኔጣቸውን አምጥተው፣ ሰፋ ቢለው ውስጡን በጋዜጣ ጠቅጥቀው፣ ራሱ ላይ ደፉለት። ያን ቀን በመንገድ ሲሄድ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አውልቆ አያውቅም።

አዳማ መጥቶ ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በር ሲደርስ ወንድ ልጅ ባርኔጣውን አውልቆ እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ግራ ገብቶት በሩ ላይ ሲቆም የያኔው መጋቢ ሰንበታ ዓይኑን አዩና ነገሩ ገባቸው። «ግባ ልጄ፣ ጌታ የሚያየው ልብን ነው» ብለው ትከሻውን ይዘው አስገቡት። እሳቸው ካለፉ ስንት ጊዜ ሆናቸው፤ ስለዚያ ባርኔጣ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቀነዓ እዚያው ዘርፉን አገባ፣ ልጆቹን አሳደገ፣ በመጨረሻም ከአጥቢያው ሽማግሌዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ባዶ ራሱን ያየች ዘርፉ ብቻ እንደሆነች ያምናል። የገዛ ልጆቹ እንኳ ቤት ውስጥ በሹራብ ቆብ ነው የሚያውቁት።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ታዲያ ወጣቱ ባርኔጣ መድፋት ጀመረ። ኮፍያ አይደለም፤ ኮፍያማ ድሮም ነበር። አባቶቻችን ለሠርግና ለፍርድ ቤት የሚያወጡት፣ ዙሪያውን ጥብጣብ ያለው፣ አናቱ ሰርጎድ ያለ እውነተኛ ባርኔጣ ነው። ከቦንዳ ተራ እየመረጡ፣ በእንፋሎት እያቃኑ፣ ወደ አንድ ዓይን ዘንበል አድርገው ፏ ይሉበታል። ሚዜው በባርኔጣ፣ የባጃጅ ሹፌሩ በባርኔጣ፤ የቲክቶኩማ አይነሳ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች መሐል ነገሩን የጀመረው ጋሮምሳ ነው። ዱከም ፋብሪካ በሚኒባስ እየተመላለሰ ይሠራል፤ እሑድ ኪቦርድ ይጫወታል። አንድ ቅዳሜ ሱቅ ገብቶ «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ዓይነት ባርኔጣ የት ይገኛል? ፈልጌ አጣሁ» ሲለው ቀነዓ ሊያሾፍበት የመጣ መስሎት ክው አለ። ልጁ ግን የምሩን ነበር።

በዚያ ሰሞን ቀነዓ ደስተኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ «ለምን ይሆን የማያወልቀው?» የሚል ዓይን ሲሸሽ የኖረ ሰው ድንገት ከብዙዎች አንዱ ሆነ። በመንገድ ሲያልፍ ጎረምሶች አውራ ጣታቸውን ያነሱለታል። ባርኔጣ በባርኔጣ መሐል ይጠፋል፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው መጥፋትን ነበር።

አንድ እሑድ ግን የፊት ረድፎቹ ባርኔጣ በባርኔጣ ሆኑና ከኋላ የተቀመጡት እናቶች መድረኩ ጠፋባቸው። «ሰባኪውን በድምፁ ነው የለየነው» ብለው አማረሩ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ዘካርያስ የባንክ ሰው ነው፤ ነገር ማንዛዛት አይወድም።

«ራስ ሳይጠና ጉተና» ብሎ ጀመረ። «ሲጸለይ እንኳ አያወልቁም። ከእንግዲህ ማንኛውም ወንድ ባርኔጣውን በር ላይ አኑሮ ይግባ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ።»

ከተሰበሰቡት አንዱ ባርኔጣ ደፍቷል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሥራውን የሠራው እዚህ ላይ ነው። ውሳኔው ቀነዓን እንደማይመለከት ሁሉም በልባቸው ያውቃሉ። ግን «ከወንድም ቀነዓ በቀር» ለማለት ስለ ባርኔጣው መናገር ሊኖርባቸው ነው። አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ፣ አንዱ ስልኩን ነካካ፣ ዘካርያስ እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። ቀነዓም «እኔስ?» ቢል የሚከተለውን ፈራ። ስለዚህ እጁን አወጣ። እነሱም አወጡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀና ጸልየው ተለያዩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያን ቀን ግን ነቅዟል።

በሚቀጥለው እሑድ በሩ ላይ የባርኔጣ መደርደሪያ ቆመ። ቀነዓ አጠገቡ ድረስ ሄደ፤ የተደረደሩትን አየና ወደ ዘርፉ ዞሮ «አንቺ ግቢ፣ እኔ መኪናውን ልይ» አላት። መኪናው ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቦታው ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ሆነ። ስብከቱን በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ መዝሙር ሲመጣ ለብቻው ያንጎራጉራል። ውስጥ ደግሞ ዘርፉ አጠገቧ ባለው ቦታ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ቦርሳዋን ታኖርበታለች። ያለው ምርጫ ሁለት ነበር፤ ወይ ራሱን ገልጦ መግባት፣ ወይ የኖረበት ቤት ደጅ ላይ ተቀምጦ ማርጀት።

ዘካርያስ አንድ ቀን ሱቁ መጣ። ሊናገር እንደመጣ አረማመዱ ያስታውቃል። ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ መብራት መጥፋት አወራ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድም ቀነዓ፣ ያ ነገር እኮ...» ብሎ ሲጀምር ዓይኑ ባርኔጣው ላይ አረፈና ቃሉ ጠፋበት። በመጨረሻ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ገዝቶ ሄደ። ዘካርያስ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ዘርፉ ብዙ ታገሰች። አንድ እሑድ ግን ምሳ እያቀረበች «ባል ያለኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ጋሮምሳ አምልኮው ሳያልቅ ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ ወጣና ዛፉ ሥር መጥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ምን አድርገህ?»

«በእኛ የተነሳ ነው ውጭ የቀሩት። እኛ ባንደፋ ኖሮ ማንም ሕግ አያወጣም ነበር።»

«ከእናንተ ጋር ምን አገናኘው?» አለ ቀነዓ ቆጣ ብሎ። «ውስጥ ሙቀቱን ስላልቻልኩት ነው።»

ጋሮምሳ መሬት መሬቱን አየ። «ጋሼ... እኛ እናውቃለን።»

«ምኑን?»

«የሰንበት ትምህርት ልጆች ሆነን፣ እዚሁ ግቢ ድንኳን ሲያስሩ ነፋሱ ባርኔጣዎን የወሰደው ቀን። እትዬ ዘርፉ እያስተማሩን ነበር። ወዲያው ‹ልጆች፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እንጸልይ› አሉን። እርስዎ ሮጠው እስኪይዙት ድረስ ጸለዩ። ለታመሙ፣ ለመንገደኞች፣ ለዝናብ፣ ለከብቶች... እንደዚያ ያለ ረጅም ጸሎት ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።»

ቀነዓ ያን ቀን አልረሳውም። ባርኔጣውን አጥሩ ጋ ይዞ ደፍቶ፣ በፍርሃት ዞር ሲል ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ተአምር ነው ብሎ ለዓመታት ጌታን ሲያመሰግን ኖሯል።

«ጨፍናችሁ ነበር እኮ!»

«ልጆች ነበርን፣ ጋሼ። ልጅ ሲጸልይ አንድ ዓይኑ ክፍት ነው። ሁላችንም አየን። እኔ ቤት ሄጄ ለእናቴ ልነግራት ስጀምር ‹ዝም በል፣ እናውቃለን› አለችኝ። ከዚያ ለማንም አላወራሁም።»

ቀነዓ ፊቱ ጋለ። «ታዲያ እያወቃችሁ ባርኔጣ ምን አስደፋችሁ? ልትቀልዱብኝ ነው?»

«እንዴ!» ልጁ ደነገጠ። «አባቴ የሞተ ጊዜ ትምህርት ቤት ያደርሱኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? ሳድግ ጋሽ ቀነዓን ነው የምሆነው እል ነበር። ለእኔ ትልቅ ሰው ማለት ባርኔጣ ያለው ሰው ነው። ፋሽን ሆኖ ሲመጣማ ሰበብ አገኘሁ።»

ልጁ ከሄደ በኋላ መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። ያ ሁሉ ሰው እያወቀ እሱን እንደ ሕፃን ሲያባብለው ኖሯል! የአደባባይ ምስጢር ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ባለቤቱ ብቻ በር ዘግቶ ሲጠብቀው የሚኖር። ቤት ሲደርሱ ዘርፉ ላይ አፈጠጠባት።

«ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

አሰበ። ከተማውን ለቅቆ ይሄድ ነበር። እሷም መልሱን ስለምታውቀው አልጠበቀችም፤ ወደ ጓዳ ገባች።

በሳምንቱ ውስጥ ንዴቱ እየበረደ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ አሰባቸው። በአንድ ቃል ሊያዋርዱት ይችሉ የነበሩ ሰዎች ሁሉ፣ እናቶቹ፣ ልጆቹ፣ ያ ምስኪን ዘካርያስ ሳይቀር፣ ሳይመካከሩ ዕድሜ ልካቸውን ሸፍነውታል። እሱን የሸፈነው ባርኔጣው መስሎት ነበር። ይህን ሲያስብ ዓይኑ እንባ አቀረረና አንድ የባቱ ገበሬ ሲገባ አቧራ ነው ብሎ ጠረገው።

እሑድ መደርደሪያው ጋ ሲደርሱ ዘርፉ እንደለመደችው ቀድማ ልትገባ ስትል «ቆይኝ» አላት። ባርኔጣውን አወለቀና ከወጣቶቹ ባርኔጣዎች መሐል አኖረው። ዘርፉ ክንዱን ያዘችው።

በመሐለኛው መተላለፊያ ሲሄዱ ያ የልጅነት ስም ከአንዱ ረድፍ እስኪወጣ ድረስ ጠበቀ። ሰው ይዘምራል። ጋሮምሳ ኪቦርዱ ላይ አቀርቅሯል። አንዲት ሕፃን ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ለአፍታ አየችውና ወደ ብስኩቷ ተመለሰች። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ቀነዓ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

እፎይታ ይመጣል ብሎ ነበር፤ የመጣው ግን ሐዘን ነው። ሰባኪው ሲጀምር የቀነዓ ልብ ላንጋኖ ሄደ። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በየዓመቱ አንድ ቀን ይወስዳቸው ነበር። ዘርፉ ከልጆቹ ጋር ቡናማው ውሃ ውስጥ ስትንቦጫረቅ እሱ ሱሪውን እንደታጠቀ ዳር ቆሞ የሁሉንም ጫማ ይጠብቃል። የመጀመሪያ ልጁ ሌንሳ ውሃው እስከ ደረቷ ደርሶ «አባዬ ግባ! ጥልቅ አይደለም እኮ!» እያለች ትጣራለች። እሱ «ይቀዘቅዘኛል» ይላታል። በየዓመቱ ይቀዘቅዘው ነበር። አንድ ዓመት ላይ ሌንሳ መጣራቱን ተወችው። አሁን ሐዋሳ ነው የምትኖረው፤ የራሷ ልጆች አሏት። ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ነገር ሲመጣ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ እነዚያን ዓመታት ማን ይመልስለታል?

ወደ ዘርፉ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ለሌንሳ ደውዪላት። ቅዳሜ ልጆቹን ይዛ ላንጋኖ ትምጣ።»

«ላንጋኖ ምን አለ?» አለች ዘርፉ በሹክሹክታ።

«ውሃ ልገባ ነው።»

ዘርፉ ዞር ብላ አየችው። «ዋና መች ትችላለህ?»

«ጥልቅ አይደለም ብላኛለች» አለ ቀነዓ።