ለዮኒ ይደውሉ

ሰሞኑን እናቴ ሳጥኗን ስታገላብጥ በፌስታል የተጠቀለለ ሲዲ አገኘች። ላዩ ላይ በማርከር «ወያላው» ተብሎ ተጽፏል፤ የወንድሜ የዮኒ የእጅ ጽሑፍ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ሰጠችኝና፣ «ሳሪዬ፣ እዚህ ውስጥ ድምፁ አለ አይደል? አንዴ አሰሚኝ» አለችኝ። ዮኒ ከሞተ ብዙ ጊዜ ሆነው። ድምፅ የሚቀዳ ስልክ በየኪሱ ሳይገባ ነው የሄደው። ግድግዳችን ላይ ፎቶው አለ፤ ድምፁ ግን የለንም።

ልጅ ሆኜ ዮኒ አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። ቤት ስላችሁ ደግሞ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ አግዳሚ ወንበር። የካልሲና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሲዲው እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግር ዮኒ በጥርስ ሳሙና ያሸዋል፤ አሁንም እምቢ ካለ ማሽኑን ገልብጦ በጀርባው ያስተኛዋል። ይሠራላ! የእኔ ዘመን ልጆች መቼም ይህን አትረሱትም። «ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች?» ይባል ነበር፤ እኔ ግን የዮኒን ምሳ አድራሽ ነኝ፣ ማን ይናገረኛል? ምሳቃውን አስቀምጬ ጆይስቲክ መንጠቅ ነው።

ዮኒ ጋ ከነበሩት ሲዲዎች አንድም ኦሪጅናል አልነበረም። ሁሉንም የሚገዛው ፌርማታው ፊት ለፊት ሲዲ ከሚገለብጠው ከጌቱ ነው፤ ሰፈሩ «ጌቱ ኮፒ» ይለዋል። ማሽኖቹም የተገለበጠ ሲዲ እንዲያነቡ ሆዳቸው ተከፍቶ ቺፕ ተገጥሞላቸዋል። አባቴ ከሚነግድባት ትንሽ ሱቁ ውስጥ ሆኖ «የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ልጄ» ይለው ነበር። ዮኒ ይስቃል። «አባዬ ደግሞ! ፈረንጁ አየር ጤና ድረስ መጥቶ ይይዘኛል እንዴ?»

ከዚያ የራሱን ጌም ሠራ። ኮምፒውተር ተምሮ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ጓዳ ተቆልፎ ከረመና «ወያላው»ን ይዞ ወጣ። ጨዋታው ከአየር ጤና ዓለም ባንክ ታክሲ መሙላት ነው፤ ትራፊክ ሳያይህ ትርፍ ትጭናለህ። ድምፁን የቀዳነው ጩኸት እንዳይገባብን ብርድ ልብስ ተከናንበን ነው። ወያላው እሱ፣ ተሳፋሪዋ እኔ። «ወራጅ አለ!» ማለት ሲገባኝ ሳቄ እያመለጠኝ ዮኒን አሰቃየሁት። ጌም የሰይጣን ሥራ ነው እያለች ትጸልይበት የነበረችው እናቴ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ስትስቅ አይቻታለሁ።

ሲዲውን ለየኢንተርኔት ቤቱ መሸጥ ጀመረ። ሳይውል ሳያድር የጌቱ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ዮኒ እጄን ይዞ ጌቱ ጋ ወሰደኝ።

«ጌቱ፣ ይሄ እኮ የእኔ ልፋት ነው!»

ጌቱ አልተቆጣም። «ከቤትህ አንድ ኦሪጅናል ሲዲ አምጥተህ አሳየኝ፤ የዛኔ ያንተን አልገለብጥም» አለው።

ወንድሜ እጄን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። ማታ አባቴ ሲሰማ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አለና ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። አባቴ ልክ ነበር፤ ግን ልክ መሆኑ ልጁን አልጠቀመውም።

ዮኒ በእልህ ቆለፈው። አዲሶቹ ሲዲዎች ሲከፈቱ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ከሥሩ «መክፈቻ ለማግኘት ለዮኒ ይደውሉ» ይላል። ደውለህ ቁጥሩን ታነብለታለህ፣ እሱ ደግሞ የመክፈቻውን ቁጥር ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ይነግርሃል። ተው ባይ ጠፋ! ኮምፒውተራቸውን ፎርማት ባደረጉ ቁጥር ጌሙ እንደ አዲስ ይቆለፍባቸዋል፤ ደግሞ መደወል ነው። አንዷ ባለ ኢንተርኔት ቤት ሱቃችን ድረስ መጥታ፣ «ከፍዬ የገዛሁት እኔ ነኝ ሌባው?» ብላ አባቴ ፊት ጮኸችበት። ጌቱ ደግሞ ቁልፉን የሚሰብርለት ልጅ አገኘ። የእሱን ኮፒ የገዛ ሰው ማንም ጋ ሳይደውል ይጫወታል።

ዮኒ ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ ጌም አልሠራም። ምን ይሠራል? ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ የሰው ጌም እያጫወተ ኖረ፤ በኋላም ኩላሊቱን ታሞ አረፈ። ጌቱ ለቅሶ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጠሁት። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ አልኩ በሆዴ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም ብዬው አላውቅም።

እንግዲህ ሲዲ የሚያነብ አሮጌ ኮምፒውተር ከጎረቤት ተውሼ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲዲው ተሽከረከረ። ቁጥሩ ወጣ፤ ከሥሩም «ለዮኒ ይደውሉ»።

«እና ደውይለታ» አለች እናቴ፣ ሳታስበው። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደወልኩ። ቁጥሩን ከስልኬ ላይ እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም። ያቺ የስልኳ ሴትዮ ቁጥሩ እንደማይሠራ ነገረችኝ። መክፈቻውን የሚያወጣው የዮኒ ኮምፒውተር መብራት ሄድ መጣ ሲል ድሮ ተቃጥሏል። ወንድሜ ቁልፉን ይዞት ሄዷል።

በማግስቱ አየር ጤና ወረድኩ። ሰፈሩን ከለቀቅን ቆይተናል፤ የማውቀው ቦታ የለም፤ ሁሉም ሕንጻ ሆኗል። ጌቱ ፀጉሩ ሸብቶ የስልክ ከቨር ይሸጣል። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። የመጣሁበትን ስነግረው ከመሳቢያው ሥር አቧራ የጠጣ ሃርድ ዲስክ አወጣና ቁልፉ የተሰበረውን ጌም ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ።

«ከለቅሶው ወዲህ ለማንም አልሸጥኩትም፣ እህቴ። ግን ማጥፋትም አቃተኝ» አለኝ። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፤ ሆኖም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬው ወጣሁ። ይቅር ብዬው ግን አይደለም። ወንድሜን ተስፋ ያስቆረጠው እሱ ነው፤ ይህን ማንም አያስክደኝም።

ቤት ገብቼ ፍላሹን ሰካሁት። ምንም ሳይጠይቀኝ ተከፈተ። «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ! ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ ዮኒ፣ በዚያ ሳቅ ሳቅ በሚለው ድምፁ። እናቴ መዳፏን ስፒከሩ ላይ አሳረፈች። ቆይቶ አንዲት ትንሽ ልጅ «ወራጅ አለ!» አለች፤ እኔ ነኝ። እሱም «ቀስ ብለሽ፣ የኔ እህት» አላት።

ዛሬ ልጆቼ ጌም በስልካቸው ያወርዳሉ፤ ሁሉም በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው፤ ማን እንደሠራው አያውቁም፣ የሚደውሉለትም ሰው የለም። ኦሪጅናሉን ሲዲ ከዮኒ ፎቶ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ከሰዓት ከሰዓት እናቴ «እስቲ ልጄን ክፈቺልኝ» ስትለኝ፣ የምከፍትላት የተሰረቀውን ነው።