ሲጋራ ያቆመው ወንድሜ

ትናንት ከሥራ ስወጣ የሲጋራ ሐራራዬ ተነሳ... ከሮማናት አደባባይ አብሮኝ ታክሲ ተሳፍሮ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ የተከራየሁበት ሰፈር ድረስ ሸኘኝ።

ሲጋራ ያቆምኩት ጾሙ ሲገባ ነው። ፋሲካም አለፈ፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። ጉብዝና ነው አይደል? ችግሩ የምነግረው ሰው የለም። መቀሌ ላይ ብቻዋን የምትኖር ሴት ታጨሳለች ከተባለ ምን እንደሚወራ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ተደብቄ ነበር የማጨሰው፤ ያቆምኩትም ተደብቄ ነው። ቢሯችን ውስጥ አንድ ወንድ ሲጋራ ተውኩ ሲል ሁሉም «ጎበዝ፣ በርታ» ይለዋል። እኔ ጥግ ይዤ እስክሪብቶ አኝካለሁ።

አከራዬ አደይ ለተብርሃን መነጫነጬን አይተው «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ የሚያስፈልግሽ ባል ነው» ብለው አንድ ሰሃን ቆሎ ሰጡኝ። ቆሎው አለቀ፣ ሐራራው አለ።

እና ትናንት ተሸነፍኩ። «አንዲት ብቻ» ብዬ ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ድሮ ሳሙና ወይ ስኳር ከገዛሁ በኋላ፣ ድንገት ትዝ እንዳለኝ ሆኜ «እ... ለወንድሜም ሁለት ፍሬ ሲጋራ» እላቸው ነበር። እሳቸውም በወረቀት ጠቅልለው ከሳሙናው ሥር ይከቱልኛል።

ወንድም የለኝም። እዚህ ከተማ ዘመድ የሚባልም የለኝም።

ሱቁ ጋ ደርሼ አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«እህቴ፣ ወንድምሽ ምነው ጠፋ? ደህና አይደለም እንዴ?»

«ደህና ነው፣ አንድ ፍሬ ይስጡኝ» ማለት ነበረብኝ። የመጣሁት ለዚሁ ነው። ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለዚህ ነገር የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው... ሆዴ ባባ።

«ሲጋራ አቆመ እኮ» አልኳቸው።

የሚመዝኑትን ስኳር ትተው ቀና አሉ። «ወላሂ? ማሻአላህ! ከበደው?»

«በጣም። በተለይ ቤት ገብቶ ብቻውን ሲሆን...»

«ይከብዳላ! የሚያጫውተው ሰው የለውም?»

«የለውም» አልኩ። ሚዛኑን ሚዛኑን አየሁ።

አየት አደረጉኝ። ከዚያ ከኋላቸው ካለው ጣሳ ቅርንፉድ ቆንጥረው፣ ልክ እንደ ድሮው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ልከፍል ስል «ተይው» አሉ።

«ሲያምረው ይቺን አፉ ውስጥ ይያዝ። ሲብስበት ደግሞ እዚህ ይምጣ፣ መቀመጫ ዱካ አለ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። ሰይድ ጎበዝ ብሎሃል በይው። አብሽር፣ አይዞህ በይው።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ማን እንደሚያጨስ ከመጀመሪያውም ሳያውቁ አይቀሩም። አልጠየቅኳቸውም።

ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁ፣ አንዷን ቅርንፉድ ነከስ አደረግኩና መልእክቱን ለወንድሜ አደረስኩለት... ትንሽ አለቀሰ።