ወደፊት የሚራመደው ዕልባት

ሴትየዋ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥፍ ነው የምትውለው። ከማድረቂያው ትኩሱን ጎትታ ታወጣለች፣ አንዱን ጫፍ ለባልደረባዋ ታቀብላለች፣ ሁለቱ ይወጥሩታል፣ ተጠጋግተው ጫፉን ከጫፉ ያገናኙታል፣ ደግሞ ይራራቃሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው የሚጨፍሩ ይመስላሉ። እግራቸውን ለጠየቀ ግን ጭፈራ እንዳልሆነ ይነግረዋል።

ባልደረባዋን ሁሉም ፊሽካ ነው የሚላት፤ ድምጿ የማሽኑን ጩኸት ሰንጥቆ ስለሚያልፍ። ፊሽካ መጽሐፍ አታነብም። «ፊደል ሳይ ዓይኔ ውሃ ያቀራል» ትላለች። ወሬ ግን ነፍሷ ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ጠዋት በአውቶቡስ ያነበበችውን አንሶላ እያጠፈች ትተርክላታለች። ክምሩ የሚያልቀው በዚህ ነው።

ሰሞኑን የያዙት የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ካባታቸው በወረሱት ወፍጮ ቤት ተጣልተው ዓይንህን ላፈር ተባብለዋል።

«እሺ፣ ዛሬስ ምን ሆኑ?» አለች ፊሽካ አንሶላውን እየወጠረች።

«ዛሬማ ታላቅየው በክራንች እየተደገፈ ገባና፣ ታናሹ ወንበር ስቦለት…»

«ቆይ፣ ቆይ! የምን ክራንች?»

«እግሩ ተሰብሮ ነዋ።»

«መቼ? ትናንት የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ ነው የተውሽልኝ። በደህና እግሩ! ደግሞ ተኳርፈዋል አላልሽም? ታናሹ ምን ነክቶት ነው ወንበር የሚስብለት? አንቺ፣ እየዘለልሽ ነው እንዴ የምትነግሪኝ?»

ሴትየዋ አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። እግሩ የተሰበረበትን ቦታ ፈለገች፤ የለም። የታረቁበትንም ፈለገች፤ የለም። ጠዋት ክራንቹን ስታነብ እንኳ ግር አላላትም ነበር። ክራንች፣ እሺ ክራንች፣ ብላ ነው ያለፈችው።

«ረስቼው ነው» አለች።

«ባልሽንም እንዳትረሺው ብቻ» አለች ፊሽካ፤ ስትስቅ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ሴትየዋ አልሳቀችም። እናቷ በስተርጅና የልጆቿን ስም እያምታታች ነው የሞተችው። እኔንም ጀመረኝ ማለት ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ብላ አሰበችና ከዚያ በኋላ ያጠፈችውን አንሶላ ሁሉ አጣማ አጠፈችው።

ማታ አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ወትሮው መቀመጫ አልነበረም። በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ በሌላው መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጠች። ክራንቹን አገኘችው። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ ቅጠል፣ ሌላ ቅጠል፤ የማታውቀው ሐኪም፣ የማታውቀው የዝናብ ሌሊት። አንዱንም አይታው አታውቅም። ሃያ ገጽ ገደማ ከገለጠች በኋላ ነው ጣሪያው ላይ ያለውን ሰውዬና መዶሻውን ያገኘችው። እዚያ ገጽ ግርጌ ላይ ትናንት ማታ የጣለችው የሻይ ጠብታ አለ። የቆመችው እዚያ ነበር።

አልረሳችም ማለት ነው። ለአፍታ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ደስታው ጠፋ፤ መጽሐፉን ማታ ማታ ከእጇ የሚያነሣው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

በቤታቸው የሚነበበው እንዲህ ነው። ባሏ በአንዲት ኪዮስክ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ከኪዮስኩ አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ፣ ለነሱም የሚያውስ ጎረቤት አለው፤ እሱም አንዱን መጽሐፍ ሳይመልሱለት ሌላውን አይሰጥም። ስለዚህ አንዱን መጽሐፍ አራት ሰው ነው የሚያነበው፤ ሁሉም በየራሱ ዕልባት። ባል ደንበኛ እስኪመጣ ኪዮስኩ ውስጥ፣ ልጅቷ የታክሲ ወረፋ ላይ፣ አማቲቱ መስኮቱ ሥር ወፍራም መነጽር አድርገው። መጽሐፍ አዲስ ሲገባ «ማን ወሰደው?» በሚል ጭቅጭቅ ቤቱ ይታመሳል። ይህኛውን ሦስቱም ጨርሰውታል። አሁን ውስጡ የቀረው የሴትየዋ ዕልባት ብቻ ነው፤ ካረጀ አንሶላ ጠርዝ ላይ የቀደደችው ነጭ ጨርቅ። መጽሐፉ ደግሞ ሁለት ቅጽ ነው። ሁለተኛው ቅጽ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ሴትየዋ የመጀመሪያውን እስክትጨርስ ይጠብቃል።

በሩን ከፍታ ስትገባ አማቷ ከመስኮቱ ሥር ሆነው «ልጄ፣ የት ደረስሽ?» አሉ። ሰላምታቸው ሰሞኑን ይኸው ሆኗል። «እኔ እኮ አላጣድፍሽም። ግን ሁለተኛውን ሳላይ ብሞት ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«እማማ፣ እስቲ እግሬን ላሳርፍ።»

«ልጄ እኮ ዛሬ ወሬ ይዞ መጥቷል።»

ባሏ ከእጁ ላይ የቁልፍ ቅባት በጨርቅ እየጠረገ ነበር። «መጽሐፍ ሻጩን ሌላ ሰው ሁለተኛውን ቅጽ ጠይቆታል» አለ ቀስ ብሎ። «እስከ ቅዳሜ ነው የማቆይላችሁ፣ ከዚያ እሸጠዋለሁ ብሏል። ብዙ አልቀረሽም መቼስ።»

«ስንት ቀረኝ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ታውቃለህ እንጂ። ዕልባቴን የምታንቀሳቅሰው አንተ አይደለህ?»

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ልጅ ቀና አለች።

«ሁለት ሁለት ገጽ ብቻ ነው» አለ ባልየው።

«በየማታው?»

«ከእራት በኋላ ትጀምሪና መጽሐፉ ደረትሽ ላይ ተከፍቶ ታንኮራፊያለሽ። ሳነሣው ትናንት የነበርሽበት ገጽ ላይ ነሽ። ዛሬም እዚያው፣ ነገም እዚያው። ጠዋት ስትከፍቺው ትንሽ እንኳ ሄደሽ ብታገኚው… እንጃ፣ አንጀቴን በላሽው። ትናንት ግን እጄ በዛ፣ ሃያ ገጽ ሆነ።»

«አዝነህልኝ ነው ወይስ ቸኩለህ?»

ባልየው ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ። «ሁለቱም» አለ።

«አባ! ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው!» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ» አሉ አያቷ። «እናትሽ ልብስ ስትቀይር ቦርሳዋን ከፍተሽ ስንት ገጽ እንደቀራት የምታየው ማን ሆነና ነው?»

«እርስዎ አይደሉ የላኩኝ?»

አማቲቱ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ንጹሕ መነጽር ነበር።

ሴትየዋ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ለቁጣውም ጉልበት አጣች። ደግሞስ በማን ትቆጣ? ያንገበገባት የባሏ እጅ አይደለም። ሰውዬው ከጣሪያ ወድቆ፣ ሐኪም መጥቶ፣ ዝናብ ሲዘንብ አድሮ፣ ወንድማማቾቹ ታርቀው፣ ይህ ሁሉ ተዘልሎ እሷ ምንም ሳይጎድልባት ማለፏ ነው። እንግዲያው ስታነብ አልነበረም፤ ፊደሉን በዓይኗ ስትገፋው ነበር፤ ልክ አንሶላውን እንደምትገፋው። ከቀኗ ውስጥ ለሌላ ሰው የማይታጠፍ ነገር ቢኖር ይሄ ንባብ ነው ብላ ነበር። እሱም ክምር ሆኖባታል፤ እንዲያልቅ ብቻ የሚሠራ።

«እኔ ልንገርሽ» አለ ባሏ አጠገቧ መጥቶ። «የዘለልሽውን ባጭሩ ልንገርሽና ከደረስሽበት ትቀጥያለሽ። ሰውዬው ጣሪያ ላይ እያለ…»

«እንዳትነግረኝ!»

ድምጿን ፊሽካ ብትሰማው ኖሮ በቀናች ነበር።

«እሺ፤ ቅዳሜስ?» አለ ባሏ። «ይሸጠዋል እኮ።»

«ይሽጠዋ። እኔ ወደ ጣሪያው ተመልሼ ነው የምቀጥለው።»

ልጅቷ «እማ፣ እንዴ!» ብላ አያቷን አየች። አማቲቱ መነጽራቸውን አጠለቁ። ሁለተኛውን ቅጽ ምን ያህል እንደሚፈልጉት ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ታናሽየው የወደዳትን ሴት ያገባታል አያገባትም ብለው ከልጅ ልጃቸው ጋር ተወራርደዋል። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። «ይሽጠው። ሌላ ቦታ አይጠፋም ይሆናል። ቢጠፋም… አንተ ግን» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ሁለተኛ የሰው ዕልባት እንዳትነካ። የእኔንም እንዲህ ታደርግ እንደሆን እንጃ።»

«ኧረ እማዬ፣ የእርስዎን አልደፈርኩም።»

ሴትየዋ ከአልጋው ተነሣች። ከተቀመጠች እንደምትተኛ ታውቃለች፤ መጽሐፉን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች፣ አምፖሉ ሥር።

«ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ ደግሞ በቁምሽ?» አለ ባሏ።

«በቁሜ አልተኛም።»

እሱ ወደ ኩሽና ሄደ፤ ውሃ ሲያሞቅ ተሰማ። ሳፋውን በሁለት እጁ ይዞ እየተንገዳገደ መጣና እግሯ ሥር አስቀመጠው። ጫማዋን አውልቃ ገባችበት። ሳፋ ውስጥ ቆማ፣ ቀሚሷን ባንድ እጇ ሰብስባ፣ መጽሐፉን በሌላው ይዛ ሲያዩአት ልጅቷ መጀመሪያ ሳቋን ተቆጣጠረች፣ ከዚያ አመለጣት።

«እማ፣ ጀልባ የጠፋባት መንገደኛ መሰልሽ!»

ሴትየዋም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ የሻይ ጠብታ ያለበትን ገጽ አገኘችና ነጩን ጨርቅ ወደ ኋላ መልሳ እዚያ አስገባችው። ሰውዬው ጣሪያው ላይ ነው፤ ምስማር ባፉ ይዟል። ነፋስ ተነሥቷል። ከታች አንድ ድምፅ በስሙ ጠራው፤ ስንት ጊዜ ያልሰማው የወንድሙ ድምፅ፣ እና ዞረ።

አንዴ ዓይኗ ሊከደን ነበር፤ መስመሩን ከላይ ጀመረችው። አንድ ገጽ ሄደች። ሌላ ጀመረች። ባሏ የሙቅ ውሃ ማንቆርቆሪያውን ይዞ «ልጨምርልሽ?» አላት፤ አልሰማችውም። ውሃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል።