እጄን ያነሳሁበት እሑድ

ልጄ ሆኪ ስትጫወት ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ ስትጫወት፣ እዚህ ስዊድን፣ ቴንስታ በሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን በባቡር የምታመላልሳት እናቷ ነበረች። ጨዋታው እሑድ ጠዋት ስለሆነ ቅዳሴ አላስታጉልም እል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ቅዳሴ ባይኖርም የምሄድ አይመስለኝም። ሴት ልጅ ዱላ ይዛ በረዶ ላይ ከወንዶች ጋር ስትጋፋ ማየት አልፈለግኩም።

ባለቤቴ ምሳ ላይ ትነግረኛለች። "እዚያ ማንም ልጅ ተቀምጦ አይውልም። ጎበዙም ደካማውም እኩል ተራ ይደርሰዋል።"

"ጥሩ ነው" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

ልጄ ስትጀምር ቀጥ ብላ መቆም እንኳ ስለማትችል፣ የምትንሸራተተው የፕላስቲክ ወንበር እየገፋች ነበር አሉ። አሥራ ስድስት ሲሞላት ግን በታዳጊዎቹ ሊግ ስሟ የሚነሳ ተከላካይ ሆናለች። ይህንንም የሰማሁት ልጁ እዚያው ከሚጫወት የሥራ ባልደረባዬ ነው።

አንድ እሑድ ባለቤቴ ሥራ ገባች። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመችና እንደ ልማዷ በስዊድንኛ "አባዬ፣ ዛሬ አንተ ትመጣለህ?" አለችኝ። ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ሄድኩ።

አዳራሹ ይበርዳል። አጠገቤ የተቀመጠች የአንዱ ልጅ እናት ብርድ ልብሷን አጋራችኝ። ልጄን በጀርባ ቁጥሯ ለየኋት። እንደዚያ ትፈጥናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ኮራሁ፤ ሳላስበው ተነስቼ እጄን አውለበለብኩ። እሷም ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ አንዱ ተጫዋች በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ከሜዳው ግድግዳ ጋር አላተማት።

ሐኪሟ ጭንቅላቷ ሲመታ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ እንዳልሆነ ነግራን፣ "ከእንግዲህ መጫወት አትችልም" አለች።

ማሊያዋን የመለስኩት እኔ ነኝ። አሠልጣኟ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ማሊያውን ተቀብላኝ አጠፈችው።

"እዚህ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዲያስተምሩ እናደርጋለን" አለችኝ። "እሷ መንሸራተት ያስተማረቻቸው ሦስት ልጆች ዘንድሮ ቡድናችን ገብተዋል። ነግራችሁ ነበር?"

አልነገረችንም። ብትነግረኝስ መቼ እሰማት ነበር።

ወራት ካለፉ በኋላ፣ ብርሃን እያመማት መጋረጃ ዘግታ በተኛችበት ክፍል ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን እጄን ባላነሳ ኖሮ አትመቺም ነበር" አልኳት።

"እጅህን ሳታነሳም እየፈለግኩህ ነበር" አለች፤ ያውም በአማርኛ።

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትምህርቷን አንድ ዓመት ዘግይታ ጨረሰች። አሁን ፋርስታ በሚባል ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ራስ ምታቱም ቀለል ብሎላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አብረን ምሳ እንበላለን። ስለ ሥራዋ ታወራናለች፤ ስለ ሆኪ እሷም አታነሳ፣ እኔም አልደፍር።