የአማቴ ቅቤና የቀለም ባልዲው

አማቴ ከወግዲ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። አንድ ቀን፣ ያነጠሩትን ቅቤ ገና ሳይበርድ ገልብጠው፣ የግድግዳ ቀለም በነበረበት የፕላስቲክ ባልዲ ተሸክመውልኝ መጡ። እኔ ደግሞ መካነ ሰላም ከተማ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«እማማ፣ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ፣ ቶሎም እንዳይሰነጠቅ የሚጨምሩበት ነገር አለ። ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ ሲያገኝ ወደ ምግቡ ይገባል» አልኳቸው።

«ባልዲውን እኮ ሦስቴ በአመድ አጥቤዋለሁ።»

«እድፍ አይደለም፤ ከራሱ ከፕላስቲኩ ነው የሚወጣው።»

«አይ የተማረ ሰው! የማይታየው ሁሉ ይታያችኋል፤ የወጡ ጨው ማነስ ግን አይታያችሁም» አሉና ሳቁ። ምሳ የሠራሁት እኔ ነበርኩ።

እልህ ያዘኝ። ለጋ ቅቤ ገዝቼ አነጠርኩና ግማሹን በብርጭቆ፣ ግማሹን ክዳን ባለው አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ትኩሱን ገለበጥኩት። በማግስቱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፍኜ ሁለቱንም አስሸተትኳቸው።

የብርጭቆውን «ይሄ ቅቤ ነው» አሉ። ሁለተኛው ላይ አፍንጫቸውን ሰበሰቡ። «ይሄስ የአዲስ አውቶቡስ ወንበር ነው!»

ባለቤቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ድል ያደረግሁ መስሎኝ «ጭራሽ ሽታ የሌለው ኬሚካልም አለ እኮ» እያልኩ ማብራሪያዬን ስቀጥል፣ አማቴ ወደ ጠረጴዛው ሄደው አንድ ነገር በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሉ። ከሥራ ስመለስ ለእራት የገዛሁት ትኩስ ሽሮ ነው፤ በስስ ፌስታል ታስሮ ገና ይተናል።

«ልጄን የምታበይው ይሄን ነው?»

ፌስታሉን ከእጃቸው ተቀብዬ ሽሮውን ሸክላ ድስት ውስጥ ገለበጥኩት።

«አብሽሪ፣ ለተማሪዎችሽ አልነግርም» አሉኝ።

የባልዲውን ቅቤ ለመጣል አንጀታቸው አልቻለም። እየዞሩ ሲጥ ሲጥ የሚለውን የበሮቻችንን ማጠፊያ ሁሉ ቀቡበት።

ወግዲ ሲመለሱ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብከው ኖሮ፣ በሳምንቱ በእሳቸው ስልክ አንዲት ጎረቤታቸው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የውሃ ጄሪካኔን ልጣለው እንዴ?» አሉ በጭንቀት።

«ኧረ አይጣሉት! ፀሐይ ላይ ብቻ አያቆዩት። ትኩስና ቅባት ያለውን ነው በሸክላ ወይም በብርጭቆ ማድረግ።»

ከኋላ የአማቴ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ይኸው፣ እኔ ያስተማርኳትን ነው የምትልሽ!»

ሴትየዋ «እውነትም ከእሳቸው ነው የሰማሽው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ከእሳቸው ነው» አልኩ።