ሰማንያ ሦስት ላይ የቆመው ስሌት

መሥሪያ ቤታችን የሆስፒታል ዕቃ ይሠራል። ለስሌት ባለሙያችን «አስታራቂዋ» የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ ነን እንጂ ባልና ሚስት አስታርቃ አታውቅም፤ ከገዛ እህቷ ጋር እንኳ ከተኮራረፈች ዓመት አልፏታል። የምታስታርቀው ኃይሎችን ነው። ኮምፒውተሩ አንድን የብረት ክንድ በሺህ ትናንሽ ቁራጮች ይከፋፍለውና ጭነቱን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምርበታል፤ በየእርምጃው የሚጫነውና የሚሸከመው ካልተመጣጠኑ ስሌቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌላው ሰው ያኔ ኮምፒውተሩን ይሰድባል። እሷ እርምጃውን ታሳጥራለች፣ ቁራጮቹን ታሳንሳለች፣ ሁለት ብረቶች የሚነካኩበትን ቦታ ትፈትሻለች። አሁንም እምቢ ካለ በስሌቱ ውስጥ ብቻ ያለ፣ በብረቱ ላይ የሌለ ማርገቢያ ትጨምራለች፤ ክንዱ ማር ውስጥ ያለ ይመስል ቀስ ብሎ እንዲንቀሳቀስ ታደርገዋለች ማለት ነው። ይህን ዘዴ ያስተማሯት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ዋናው ንድፍ አውጪያችን ነበሩ፤ ዓርብ ጡረታ ሊወጡ ነው። የመጨረሻ ሥራቸው ሕመምተኛን ከአልጋ የሚያነሳ ክንድ ነበር፤ ሰኞ ብረቱ መቆረጥ ይጀምራል። ማክሰኞ ጠዋት ስሌቱ የጭነቱ ሰማንያ ሦስት በመቶ ላይ ቆመ። አስታራቂዋ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ወይ ፍንክች!

«ትንሽ ማርገቢያ ጣል አድርጊበት፣ ልጄ» አሏት ጋሼ። «ምን ያስጨንቅሻል?»

ጣል አደረገችበት፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መቶ ሞላ። እኔ አጨበጨብኩ። ሥራው የራሴ ካልሆነ ማጨብጨብ እወዳለሁ።

ከምሳ ስንመለስ ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። ዘንድሮ የሪፖርቱ ቅጽ ተቀይሮ አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሮበታል፦ ከጠቅላላው ጉልበት ማርገቢያው የወሰደው ስንት ነው? ከመቶ ሁለት ሦስት ቢሆን ምንም አይደለም። የወጣው ሠላሳ አንድ ነበር። ለካ ጠዋት ስሌቱ የቆመው ክንዱ የእውነት ስለሚታጠፍ ነው።

ልትነግራቸው ፈራች፤ እኔም ብሆን እፈራለሁ። ሁሉም የሚያከብረውን ሰው በመሰናበቻው ሳምንት ተሳስተዋል ማለት ከባድ ነው። ቢሆንም ሄደች።

«ጋሼ፣ ክንዱ አይችልም። ጭነቱን የያዘው ብረቱ ሳይሆን ማርገቢያው ነው።»

ወረቀቱን አነበቡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ። ይቆጣሉ ብዬ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

«ደግ አየሽ» አሉ። «ብረቱን እናወፍረዋለን፤ ሰኞ አይቆረጥም።» ወረቀቱን እየመለሱላት፣ «እስከ ዛሬ ማርገቢያ የጨመርሽባቸው ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

«ይህን ቁጥር ያየሽው በስንቱ ላይ ነው?»

በአንዱም ላይ አላየችም፤ እንድታይም ያስተማራት የለም። ዘጠኙም በየሆስፒታሉ ሰው ያነሳሉ።

ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «የመጀመሪያውን ክፈቺ» አሏት።

ሦስቱ ደህና ሆኑ። ሐሙስ የከፈቱት አራተኛው ሃያ ሁለት አወጣ። ዕቃው ወዳለበት ሆስፒታል ጋሼ ራሳቸው ደወሉና ዛሬውኑ እንዲያቆሙት ነገሯቸው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቃቸው መሰለኝ።

«የኔ ነው» አሉ ጋሼ። «ልጅቷ ያስተማርኳትን ነው የሠራችው።»