የከሱት ዝግባዎች

የጭልሞ ጫካ ዝግባዎች በየዓመቱ ምን ያህል እንደወፈሩ እየለካሁ፣ ልኬቱን አምቦ ባለች ጠባብ ክፍሌ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጥ ነበር። ድካሙ የእኔ፣ ምስጋናው የክፍል ኃላፊያችን። አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ በመረጃሽ ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ተማሪ ካልተገኘ ክፍሏን ለሌላ እንሰጣለን፤ ልኬቱም ይቆማል» አሉኝ። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ ግን አንቺ ነበር የሚሉኝ። ያውም ፈገግ ብለው።

ተማሪ መሳብ እሳቸው ያውቁበታል ይባላል። በአውቶቡስ ጭልሞ ይወስዷቸዋል፣ ረጅም ንግግር ያደርጋሉ፣ ጊንጪ ላይ ጥብስ ያበሏቸዋል። ልጆቹ ተመልሰው የሚያወሩት ስለ ጥብሱ ነው።

እኔ ንግግር አይሆንልኝም። «የዝግባው መረጃ ላይ ስህተት አለ፤ የሚያገኝ ይምጣ» ብዬ የክፍሌ በር ላይ ለጠፍኩ። ሁለት መጡ፤ አንዲት የካቺሲ ልጅና አንድ የአዲስ ዓለም ልጅ። እሱ እንኳ የመጣው በኮምፒዩተሬ ኢሜይሉን ለማየት ነበር።

ስህተቱን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ዛፎቹ ከዓመት ዓመት ሲወፍሩ ይቆዩና አንድ ዓመት ላይ ሁሉም ይከሳሉ።

«ሁዳዴ ጾመው ይሆናላ!» አለ ልጁ።

«ማሎ፣ እባክህ! ከመሃላቸው አንድ ጴንጤ እንኳ ጠፋ?» አለችው።

የዚያን ዓመት የዝናብ መዝገብ አየች፤ ዝናቡ ደህና ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ በዚያ ዓመት የለካው ማነው?»

«ተጽፏል፤ ፈልጊ» አልኳት። እኔ ስም አልጠራም።

አገኘችው፦ ኃላፊያችን። ሌላውን ዓመት ሁሉ የለካሁት እኔ ነኝ።

«ከግንዱ የት ጋ ነው የሚለካው?»

«የደረት ከፍታ ይባላል እንጂ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ምልክት ባለው ዘንግ ይታያል። እሳቸው ግን ዘንግ አልይዝም አሉ። ‹ደረት የለኝም እንዴ?› ብለውኛል።»

ግንድ ወደ ላይ ሲሄድ እንደሚቀጥን ልነግራት አላስፈለገኝም። ሳቋን ልትለቀው ስትል ሰውየው ራሳቸው ክፍሏን ሊያዩ መጡ። ረጅም ናቸው፤ የክፍሌን በር የሚያልፉት አንገታቸውን ደፍተው ነው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሷ በአክብሮት ብድግ አለች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደረትዎ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ብንለካ?»

«ለምን?»

«ለመመረቂያ ጥናቴ። የአንድ ዓመት ልኬት ማስተካከል አለብኝ። ከቲቸር ጋር ነው የምሠራው።»

እኔም ይህን የሰማሁት ያኔ ነው። እሳቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። እምቢ እንዳይሉ ተማሪ ፊት ናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሜትሩን ከእግራቸው በኩል የያዘው የአዲስ ዓለሙ ልጅ ነበር፤ ሲነሳ «እኔንም መዝግቡኝ» አለ።

ክፍሏ ቀረችልን፤ ልኬቱም ቀጠለ። በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን ወጣቶቹን ወደ ጫካው ጥናት የሳቡት እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። እውነታቸውን ነበር፤ ከሁሉም በፊት ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።